ሚዛን ላይ ለምትወጡ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ በአራት ቀን ሦስት ኪሎ እንዴት ነው የምቀንሰው?» አለኝ። ድሮ ቢሆን ወዲያው እነግረው ነበር። ቦክስ ሳሠለጥን ነው ያረጀሁት።

ትዝ ያለኝ ግን ሌላ ልጅ ነው። ውድድሩ ነገ ሆኖ እሱ ከተመዘገበበት የክብደት ምድብ ሁለት ኪሎ አልፏል። ሰውነቱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤለት፣ በጠራራ ፀሐይ ሜዳውን አስዞርኩት። ውኃ ሲለምነኝ ተጉመጥምጦ እንዲተፋ ብቻ ፈቀድኩለት፤ እንዳይውጥ ጉሮሮውን እያየሁ። ማታ ጣሳ ይዞ ምራቁን ሲተፋ አመሸ። ጠዋት ሚዛኑ ልክ ሲመጣ አጨበጨብኩ። በሁለተኛው ዙር ቡጢ ሳያርፍበት እንዲሁ ተንበረከከ። ሳምንት ሐኪም ቤት ተኛ፤ ከዚያ ወዲያ ጓንት አላጠለቀም። እናቱ በኋላ መንገድ ላይ አግኝታኝ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግሊዝ አገር የኖረ ጓደኛዬ የፍሬድ አርቸርን ታሪክ ያጫወተኝ ያን ሰሞን ነው። በ11 ዓመቱ ኒውማርኬት ላለ የፈረስ አሠልጣኝ የተሰጠ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1874 እስከ 1886 ድረስ 13 ዓመት ሳያቋርጥ የአገሩ ሻምፒዮን ጋላቢ ሆነ። 2748 ጊዜ አሸነፈ፤ ደርቢ የሚሉትን ትልቁን የፈረስ ውድድር ብቻ 5 ጊዜ። ጠላቱ ቁመቱ ነበር። ፈረሱ የሚሸከመው ክብደት አስቀድሞ ስለሚወሰን ጋላቢው ከነኮርቻው ይመዘናል። አርቸር ሆድ ጠራጊ መድኃኒት እየጠጣ እንፋሎት ቤት ይቀመጥ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ይገባዋል። እናንተማ ኮሶን የት ታውቁታላችሁ! ሁሉን ከቲክቶክ ነው የምትማሩት። እኛም ብንሆን ከማን እንደተማርን እግዜር ይወቅ።

በ1886 ጥቅምት ለካምብሪጅሻየር ውድድር ሦስት ቀን ያህል እህል ሳይቀምስ 54 ኪሎ ገደማ ደረሰ። ያም ሆኖ ከተወሰነለት ክብደት በግማሽ ኪሎ ግድም አለፈ፤ ሴንት ሚሪን የተባለው ፈረሱም በራስ ርዝመት ተቀደመ። ብዙም ሳይቆይ ታይፎይድ ያዘው፤ በትኩሳት ሲቃዥ ሰንብቶ ኅዳር 8 ቀን ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። 29 ዓመቱ ነበር። ሁሉን በረሃብ ማሳበብ አይገባም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ በወሊድ ምክንያት ሞታበታለች።

ለደወለው ልጅ ልማድ ሆኖብኝ «ጨው ተው» ብዬ ዘጋሁት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መልሼ ደወልኩና በላይኛው ኪሎ ተመዝገብ አልኩት።

«እዚያ ያሉትን ልጆች አይተዋቸዋል፣ ጋሼ?» አለኝ።

አይቻቸዋለሁ። ግንድ የሚያክሉ ናቸው።