ልጁን መሪው ላይ ያስቀመጠው ማን ነው? ለወጣት የአኒሜሽን ጸሐፊዎች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ድራማ ስጽፍና የሌሎችን ጽሑፍ ሳርም ስላሳለፍኩ፣ ብዙዎቻችሁ የጀመራችኋቸውን የአኒሜሽን ጽሑፎች አንብቤ አስተያየት እንድሰጣችሁ ታመጡልኛላችሁ። ከእነዚህ መካከል ግዙፍ ሮቦቶች በጠፈር ላይ የሚዋጉባቸው ታሪኮች እየበዙ መጥተዋል፤ በዚህ ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም ያጓጓኛል። ሆኖም በአብዛኞቹ ላይ አንድ ነገር ሲደጋገም አያለሁ፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ ቤተሰብ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያልቃል። ከተማው ይቃጠላል፣ አባትና እናት ይሞታሉ፣ ልጁ ቂሙን ይዞ ሮቦቱ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ የዚያን ቤት ነገር የሚያነሣ አይገኝም። ቤተሰቡ የተፈጠረው ልጁን ለማስቆጣት ብቻ ነበር ማለት ነው። ቤተሰቡን አትግደሉ አልላችሁም። ልጁን መሪው ላይ ያስቀመጠው ቤተሰቡ ራሱ ቢሆን ታሪኩ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል እንድታስቡበት ግን እፈልጋለሁ።

ለዚህ የምጠቅስላችሁ አንድ አሮጌ የጃፓን አኒሜ ነው። «ዛምቦት 3» የተባለው ይህ ተከታታይ በናጎያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1978 በ23 ክፍሎች የቀረበ፣ ኒፖን ሰንራይዝ የተባለው ስቱዲዮ የራሱ አድርጎ ያወጣው የመጀመሪያ ሥራ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ዮሺዩኪ ቶሚኖ ነበር። ሥዕሉ ዛሬ ዓይናችሁ ከለመደው ጋር አይወዳደርም፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎችም የልጆች ቀልድ ስለሚበዛባቸው ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ታሪኩ የሚጀምረው ጋይዞክ የተባለ ኃይል ቢያል የምትባለውን ፕላኔት ባጠፋ ጊዜ አምልጠው ወደ ምድር በተሰደዱ ሰዎች ነው። የእነዚህ ስደተኞች ዘሮች ከብዙ ትውልድ በኋላ ጂን፣ ካሚኤና ካሚኪታ የተባሉ ሦስት የተዛመዱ የጃፓን ቤተሰቦች ሆነዋል። ጋይዞክ ምድር ላይ ሲደርስ አያቶቹም ወላጆቹም ልጆቹም የጥንት ዘመዶቻቸው ትተውላቸው ባለፉት የጠፈር መርከብ ይሳፈራሉ፤ ሦስቱ ታዳጊዎች፣ ካፔይ፣ ኡቹታና ኬይኮ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የውጊያ ማሽን ይዘው ይወጣሉ፤ ሦስቱ ማሽኖች ሲገጣጠሙም ሮቦቱ ይሆናሉ።

እስቲ የመርከቡን መቆጣጠሪያ ክፍል ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በዚህ ዓይነት ፊልሞች ውስጥ ጄኔራል፣ ፕሮፌሰርና መኮንኖች በሚቀመጡበት ቦታ ላይ እዚህ የተቀመጠው ቤተ ዘመድ ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው አያት ነው፤ ልጁ ሲመታ በስክሪኑ የምታየው ወላጅ እናቱ ናት። ስለዚህ ጸሐፊው ኀዘንን ለማሳየት የተለየ ትዕይንት መፍጠር፣ ወይም ሙዚቃውን ማስለቀስ አያስፈልገውም። «ውጣና ተዋጋ» የሚለው ቃል ከአዛዥ ሲወጣ ትእዛዝ ነው፤ ከአያት አፍ ሲወጣ ግን የቤቱን ታሪክ ሁሉ ይዞ ይወጣል፤ እምቢ ማለትም ከሥራ እንደ መልቀቅ ቀላል አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ልጆቹ ማሽኑን መንዳት የተማሩበት መንገድ ነው። ትምህርቱ የተሰጣቸው ተኝተው ሳለ፣ በእንቅልፋቸው ነው። ወላጆቻቸው ይወዷቸዋል፤ በዚህ ላይ ታሪኩ አንዳች ጥርጣሬ አይተውም። እነዚያው የሚወዷቸው ወላጆች ደግሞ ጦርነቱን ልጆቹ ሳያውቁት ውስጣቸው አስገብተውላቸዋል። በእናንተ ጽሑፎች ውስጥ ወላጅ ወይ ቅዱስ ነው ወይ ጨካኝ፤ እዚህ ግን ፍቅሩ በደሉን አይሰርዘውም፣ በደሉም ፍቅሩን ሐሰት አያደርገውም፤ ተመልካቹ ሁለቱን ይዞ እስከ መጨረሻው ይጓዛል። ወላጅ የሆነ ሰው፣ ልጁን ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለማድረግ ገና ሳይናገር ጀምሮ ያቀደ ሰው ጭምር፣ ይህን ሲያይ መቀመጫው ሳይጎረብጠው አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ጎረቤቶቹም ሊዘለሉ አይገባም። በዚያ ዘመን ፊልሞች ሮቦት ጠላትን ሲመታ ሕዝቡ እልል የሚልበት ልማድ ነበረ። በዛምቦት 3 ግን ከተማ ይፈርሳል፣ ሰው ጓዙን ተሸክሞ በየመንገዱ ይሰደዳል፣ መጠለያ ይጨናነቃል፤ ያ የተፈናቀለ ሕዝብም ጣቱን የሚቀስረው በጂን ቤተሰብ ላይ ነው፤ «ጋይዞክን ያመጣችሁብን እናንተ ናችሁ» ይላል። ከካፔይ ጋር የሚጣላው እኩያው ኮዙኪ የዚህ ምሬት አፍ ነው፤ ጸሐፊዎቹም ሞኝ አላደረጉትም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የሚናገረውን ነው የሚናገረው። እኛ አገር የተፈናቀለ ዘመድ ያስጠጋ ወይም ራሱ የተጠጋ አንባቢ ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ትኩረት እንድታደርጉበት የምፈልገው ግን ቤተሰቡ ለወቀሳው በቂ መልስ የሌለው መሆኑ ነው፤ ሲከላከሉለት የኖሩት ሰው ሲጠላቸው ዝም ብለው መከላከላቸውን ይቀጥላሉ።

ጋይዞክ ሰዎችን ጠልፎ በሰውነታቸው ውስጥ ቦምብ ቀብሮ ወደ ወገኖቻቸው የሚመልስባቸውን ክፍሎች ትንንሽ ልጆች ባሉበት አታሳዩ። ካፔይ የሚወዳት ጓደኛው አኪ የምትሞተው በዚህ ነው፤ ለማዳን የሚያስችል አንድም ብልሃት አይመጣም። በመጨረሻው ውጊያ አያቶቹም ያልቃሉ፣ ኡቹታና ኬይኮም ይሞታሉ፤ ካፔይ ብቻውን የጠላትን ልብ ሲያገኝ የሚያናግረው አንድ ኮምፒዩተር ነው፤ ክፉ አሳብ ያላቸውን ፍጡራን ለማጥፋት የተሠራ መሆኑን ይነግረውና፣ ለመሆኑ የምድር ሰዎች ያመሰግኑሃልን ብሎ ይጠይቀዋል። ይህ ጥያቄ ከባድ የሆነው ከዚያ በፊት በነበሩት ክፍሎች ሁሉ ጎረቤቶቹ ሲሰድቡት ስላየን ነው። ኋላ ልጁ በባሕር ዳርቻ ወድቆ ሳለ ሰዎች ወደ እርሱ ሲሮጡ እናያለን፤ የሞቱት ዘመዶቹ ግን አይመለሱም።

ይኸው ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ1979 «ጋንዳም» የተባለውን ሌላ የሮቦት ተከታታይ ጀመረ፤ የዚህኛው ታሪክ የሚጀምረው በጠፈር ላይ፣ ሰው ሠራሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሮቦቱን የነደፈው የታዳጊው የአሙሮ አባት፣ መሐንዲሱ ቴም ሬይ ነው። አሙሮ ገና በመጀመሪያው ክፍል ሮቦቱን አስነሥቶ አንድ የጠላት ማሽን ሲቆርጥ፣ ፍንዳታው የከተማውን ግድግዳ ይበሳና አባቱን ወደ ባዶው ጠፈር ይወረውረዋል። የልጁ የመጀመሪያ ድል አባቱን ወሰደው ማለት ነው፤ ልጁ ግን ይህን አያውቅም። ከብዙ ክፍሎች በኋላ አሙሮ አባቱን በሕይወት ያገኘዋል፤ ሰውዬው አየር አጥቶ በመቆየቱ አእምሮው ተጎድቷል፤ ለሮቦቱ ኃይል ይጨምራል እያለ ያረጀ የማይረባ ዕቃ ይሰጠዋል፤ ልጁም ይቀበለውና ወጥቶ መንገድ ላይ ይጥለዋል። በዚህ ትዕይንት ውስጥ አንዲት ጥይት አትተኮስም። አንድ ሙያተኛ አባት ለልጁ ሊሰጠው የሚችለው ሙያው ብቻ ሆኖ፣ ያም ሙያ ጊዜው ካለፈበት በኋላ ሁለቱ ምን ይባባላሉ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሳየው ዓይኔ ከልጁ ይልቅ አባትየው ላይ ነው የሚቀረው።

እናቱ ምድር ላይ ቀርታለች። አሙሮ ሊጠይቃት በሄደ ጊዜ ሊይዘው የመጣውን ወታደር በዓይኗ ፊት ይተኩስበታል፤ እርሷም እንዲህ አድርጌ አላሳደግሁህም ብላ ትደነግጣለች፤ ሲለያዩ ልጁ ለእናቱ የሚሰጣት የወታደር ሰላምታ ነው። በጠላት ወገን ደግሞ ገዢው የዛቢ ቤተሰብ አለ። ታናሹ ጋርማ ሲሞት አባቱ ደግዊን ጸጥ ያለ ቀብር ይፈልጋል፣ የበኩር ልጁ ጊሬን ግን ኀዘኑን ለሕዝብ መቀስቀሻ ንግግር ያደርገዋል። በኋላም ያው ልጅ ለሰላም የሄደ አባቱን ከጠላት ጋር አብሮ ያቃጥለዋል፣ እርሱን ደግሞ እኅቱ ኪሲሊያ ትገድለዋለች። የጦርነቱን አቅጣጫ ከስልት እኩል የሚለውጠው የአንድ ቤት ጠብ ነው። ስለዚህ ጠላታችሁንም ቤት ስጡት፤ የቀብር ቀን ማን ንግግር እንደሚያደርግ የሚጣሉ ወንድሞችን ስጡት።

«ስፖንሰሩ አያስፈጽመንም» ለምትሉኝም መልስ አለኝ። የሁለቱም ሥራዎች ስፖንሰር ክሎቨር የተባለ የአሻንጉሊት ኩባንያ ነበር፤ የሚፈልገው ደግሞ ሱቅ ላይ የሚሸጥ፣ የሚገጣጠም ሮቦት ነው። የዛምቦት 3 ሠሪዎች ሦስት ቁራጭ መሥራት ግድ ከሆነ፣ ሦስቱን ለሦስት ቤተሰብ ልጆች አከፋፈሏቸው፤ በዚህም የመገጣጠሙ ትዕይንት የዝምድና ትዕይንት ሆነ፤ ሁለቱ ልጆች ሲሞቱም ሮቦቱ እንደቀድሞው መቆም አይችልም። በጋንዳም ግን መንገዱ አልቀናም፤ 52 ክፍል ታቅዶለት ሳለ አሻንጉሊቱ ባለመሸጡና ተመልካቹ በማነሱ በ43 ተቋረጠ። ድጋሚ ሲታይና እ.ኤ.አ. በ1980 ባንዳይ የተባለው ኩባንያ የሮቦቶቹን የፕላስቲክ ሞዴሎች ሲያወጣ ነው ዝናው የገነነው። እኛ አገር አጫጭር አኒሜሽኖችን ገንዘብ የሚሸፍንላቸው ብዙ ጊዜ መልእክት ማስተላለፍ የሚፈልግ ድርጅት ነው፤ እጅ መታጠብ ወይም ክትባት እንድታስተምሩ ከተጠየቃችሁ፣ ክትባቱን የምትፈራውን አያትና የምትጨቃጨቃትን ምራት ከመጻፍ የሚከለክላችሁ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አላየሁም።

በሚቀጥለው ጊዜ ጽሑፋችሁን ስታመጡልኝ የውጊያውን ትዕይንት ወደ ኋላ አቆዩትና፣ ልጁ ሮቦቱን እንደሚነዳ እናቱ የምታውቅበትን ገጽ ከፊት አድርጉልኝ። አባትየው ቀድሞ ያውቅ ከነበረ ደግሞ፣ እርሷ ይህን ስትደርስበት የሚባባሉትን ሙሉ ጻፉት፤ ለማሳጠር አትቸኩሉ።