ለቃለ መጠይቁ ምን ይዤ ልግባ?

ጥያቄ፦ አንድ የአርክቴክቸር ቢሮ ለዲዛይነርነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። የተማሪነት ሥራዎቼን ሁሉ ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም እህቴ! አራት ወይ አምስት ይበቃሉ። ያማረ ሬንደር (ሕንፃው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ የኮምፒውተር ምስል) ብቻ ደርድረሽ እንዳትሄጂ። አንድ 1:20 የግድግዳ ሴክሽን (ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት፣ ከእውነተኛው መጠን ሃያ ጊዜ ያነሰ ሥዕል) ያዢ፤ የዝናቡ ውሃ ከጣሪያው ወርዶ የት እንደሚሄድ፣ መስኮቱ ከግድግዳው ጋር እንዴት እንደሚገጥም በጣትሽ እየተከተልሽ ማስረዳት ከቻልሽ፣ ለእኔ ያ ከአሥር ሬንደር ይበልጣል። የእርሳስ ንድፎችሽንም፣ የሰረዝሻቸውን ሳይቀር፣ ጨምሪ፤ አስተሳሰብሽ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። በቡድን የሠራሽው ካለ ድርሻሽን በግልጽ ተናገሪ፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሸፋፍን አያለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል። ሬቪት የሚባለውን የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ካልቻልሽ አልችልም በይ። አንቺም ጠይቂያቸው፦ ሳይት እወጣለሁ ወይ? ሥዕሌን የሚያርምልኝስ ማን ነው?