ለጠፈር ለምትጓጉ ልጆቼ፦ ስለ ጠርዝ

ውድ ልጆቼ፣

በአራት ኪሎና በአምስት ኪሎ ግቢዎች ስለ ጠፈር ስታወሩ ወሬያችሁ ሁሉ ሮኬት ነው። እኔ ዕድሜዬን በማሽን ቤት ያሳለፍሁ መሐንዲስ ነኝና ሩቅ ፕላኔቶችን ለማየት የኮከብን ብርሃን ስለሚከልል መጋረጃ ጠርዝ ልንገራችሁ።

አገራችን ስም ያወጣችለት ፕላኔት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተብሏል። አቦል የተገኘው በቴሌስኮፕ ታይቶ ሳይሆን ኮከቡን ወዲህና ወዲያ ሲያወዛውዘው ተደርሶበት ነው። የኮከብ ብርሃን አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይውጣል። በሩቅ ላለ ተመልካች የእኛ ፀሐይ ከመሬት 10 ቢሊዮን እጥፍ ያህል ትደምቃለች።

ጠዋት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ ፀሐይ ፊት ለፊት ብትመታችሁ በመዳፋችሁ ትከልሏታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ላይማን ስፒትዘር ያቀረበው ሐሳብም ይኸው ነው፤ ከቴሌስኮፑ ርቆ የሚንሳፈፍ መጋረጃ የኮከቡን ብርሃን ያስቀራል፣ የፕላኔቱ ግን በጎኑ ያልፋል።

ክብ መጋረጃ ግን አይበቃም። ብርሃን ሞገድ ነውና በጠርዙ ዙሪያ ታጥፎ በጥላው እምብርት ይገናኛል፤ ጨለማ በሚፈለግበት ቦታ ብሩህ ነጥብ ይወጣል። ራሳችሁ እዩት። ከጋራዥ ከተጣለ ኩሽኔታ ትንሽ ኳስ አውጡና በንጹሕ መስታወት ላይ ለጥፏት፤ የሌዘር ጨረር በሌንስ በትናችሁ አብሩባት፤ ጥላዋን ራቅ ባለ ግድግዳ ላይ ተቀበሉ። ጨረሩን በዓይናችሁ እንዳትመለከቱ አደራ! በጥላው መሐል ነጥቧ ቁልጭ ብላ ትታያለች። እኔ ዛሬም ባየኋት ቁጥር እደነቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዌብስተር ካሽ ነጥቧን የሚያጠፋ ቅርጽ አሳየ፤ ዙሪያውን እየሾሉ የሚሄዱ የአበባ ቅጠል መሰል ክንፎች ናቸው። የመጋረጃው ስፋት በአንዳንድ ንድፎች 26 ሜትር፣ በሌሎች 52 ሜትር ነው። ሮኬት ውስጥ ታጥፎ ይወጣል፣ ጠፈር ላይ ይዘረጋል፤ ከቴሌስኮፑ በአሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ከመስመሩ ከአንድ ሜትር ያህል በላይ መዛነፍ የለበትም። የክንፎቹ ቅርጽ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ልክ መጠበቅ አለበት። ጠርዛቸውም የፀሐይን ብርሃን እንዳያንጸባርቅ እጅግ የሰላ መሆን ይኖርበታል።

ወርክሾፕ ትምህርት ያልሆነለት ሰው መጠጊያ እንደሆነ ስትናገሩ ስሰማ ያመኛል። ይህን ጠርዝ የሚያወጣው ብረት የሚያውቅ እጅ ነው። የሞገዱን ሒሳብ ጠንቅቃችሁ ተማሩ፤ ጎን ለጎን ግን ቆርቆሮ ቁረጡ፣ በሞረድ አስተካክሉ፣ ለኩ፣ የለካችሁትንም ሳታሳምሩ መዝግቡ። ለጊዜው ከ0 እስከ 25 ሚሊሜትር የሚለካ ማይክሮሜትር የተባለው የውፍረት መለኪያ መሣሪያ ይበቃችኋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሲዘጋ ዜሮው ላይ መግጠሙን አረጋግጡ።