ጥያቄና መልስ፦ የመንግሥት አገልግሎት ወደ ስልክ ሲገባ

የመንግሥት ተቋማት ሲስተም ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ደህና አድርጌ የማውቀው የመረጃ ልውውጡን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ጠይቁ።

ማርታ፦ አገልግሎቱ ኦንላይን ሆነ ሲባል ምን ተቀየረ? ያው ፎርም አይደል?

መልስ፦ ብዙ ቦታ ልክ ነሽ፣ ያው ፎርም ነው። አንድ ሥራ ላይ ፎርሙን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 31 ሳጥን አለው። የ19ኙን መልስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «የልደት ሰርተፍኬት ስካን አድርገው ያያይዙ» ይላል። ሰርተፍኬቱን የሰጠው ያው ተቋም ነው! ሰውን በገዛ ወረቀታችን እናመላልሰዋለን።

ኢስቶኒያን እዩ። በ2001 ኤክስ-ሮድ የሚባል የመረጃ መለዋወጫ ሥራ ላይ አዋለች። መረጃው አንድ ቋት ውስጥ አይጠራቀምም። የሕዝብ መዝገቡ የራሱን ይይዛል፣ ጤናው የራሱን። አንዱ ሌላውን ሲጠይቅ መልእክቱ በዲጂታል ፊርማ ይታሸጋል፣ ይመዘገባል። ዜጋውም ገብቶ መረጃውን ማን እንዳየው የሚያይበት መንገድ አለው። ለውጥ ማለት ይሄ ነው። ግን አደራ፣ ኦንላይን ስትከፍቱ የሰው መስኮቱን አትዝጉ።

ዳዊት፦ ስለ ዲጂታል መንግሥት ጠቅለል አድርገህ ብታስረዳን?

መልስ፦ ምኑን? አንድ አገልግሎት ጥቀስና ጠይቀኝ።

ሄኖክ፦ ሁሉንም አንድ ቋት ውስጥ መክተት አይቀልም?

ትዕግሥት፦ ቋቱ የተሰበረ ቀንስ?

ሄኖክ፦ የተበታተነውም ይሰበራል። ኢስቶኒያ በ2017 መታወቂያዋ ላይ ችግር ተገኝቷል።

ትዕግሥት፦ እሱ እኮ የካርዱ ቺፕ ነው! ዳታቤዙ አልተነካም።

ሄኖክ፦ መግባት ላቃተው ሰው ምን ለውጥ አለው?

መልስ፦ ትዕግሥት ልክ ናት፣ ድክመቱ ቺፑ የምስጢር ቁልፍ (መለያ የሚሆነውን ኮድ) የሚያመነጭበት መንገድ ላይ ነበር። ወደ 760,000 ካርድ ነው የነካው። የሄኖክ ጥያቄ ግን አይናቅም። የካርዶቹ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ኦንላይን የሚያስገባው ዲጂታል ማረጋገጫ፣ ሲታገድ የሞባይል መታወቂያ ያለው ሰው ሥራውን ቀጠለ። ሁለተኛ በር ስላለው ነው። መስኮቱን አትዝጉ የምለው ለዚህ ነው።

ሰሎሞን፦ አሻራ ለሁሉም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ህንድ አድሃር የሚባለውን መታወቂያ ከ1 ቢሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሰጥታለች። ትልቅ ሥራ ነው። ግን እዚያም አሻራቸው አልነበብ ብሎ ድጎማ የቀረባቸው ሰዎች አሉ። እኔም በዓይኔ ያየሁት አለ። አንዲት እናት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእጃቸው የሠሩ፣ አውራ ጣታቸውን አስቀመጡ። ቀይ በራ። በቀሚሳቸው ጠረጉት። አሁንም ቀይ። እርጥብ ጨርቅ መጣላቸው። ቀይ። «እማማ፣ ሲስተሙ አላወቀዎትም» አላቸው አሻራ የሚወስደው ልጅ። እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ሌላ መለያ መንገድ ያላዘጋጀ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል።

መድኅን፦ ሁሉም ኦንላይን ከሆነ የመስኮት ሠራተኛ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ አልጽፈውም። ከላይ አንብብ።

ትዕግሥት፦ ብሎክቼይንስ፣ አንድን መዝገብ ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙበት ቴክኖሎጂ?

መልስ፦ የኔ መስክ አይደለም።

ማርታ፦ ውሳኔውን ለኮምፒውተር ብንተወውስ?

መልስ፦ አውስትራሊያ ሮቦዴት በተባለው አሠራር ሞክራዋለች፤ ከሚገባው በላይ የመንግሥት ድጎማ ወስዷል የተባለ ሰው ዕዳ የሚሰላበት ነው። ሲስተሙ የዓመት ገቢን ለየሁለት ሳምንቱ እኩል አካፈለ። 6 ወር ሠርቶ 6 ወር ሥራ ያጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ መሰለ። የዕዳ ደብዳቤ ደረሰው፤ ዕዳ እንደሌለበት አስረዳ ተባለ። በ2019 ነገሩ ፍርድ ቤት ላይ ወደቀ። ስሌቱን ማሽን ይሥራ፤ ሰው ላይ ዕዳ ሲጫን ግን ስሙ የሚታወቅ ኃላፊ ይፈርምበት።

ዳዊት፦ እሺ፣ ፈቃድ ማደስ። ከምን ይጀመር?

መልስ፦ አሁን ጠየቅክ። ባለጉዳይ የሚያመጣቸውን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸው። የእያንዳንዱን ማኅተም እይ። የመንግሥት ማኅተም ያለባቸውን ወደ ግራ አድርግ። እነሱን ከሰውየው አትጠይቅም፤ ከሰጣቸው ተቋም በሲስተም ታመጣለህ። የቀረው ብቻ ፎርሙ ላይ ይግባ። ከዚያ መስኮት ላይ ለተቀመጠችው ሠራተኛ ያንኑ ሲስተም ክፈትላት፤ ስልክ የሌለው ሰው ሲመጣ እዚያው ትሞላለታለች።