ማሪ ኩሪ ሳይንስ የት ተማረች?

ሰላም እህቴ፣ «ሴት ዩኒቨርሲቲ በማትገባበት ዘመን ማሪ ኩሪ ሳይንስን ከየት አገኘችው?» ብለሻል። መጀመሪያ ተደብቃ ነው የተማረችው።

የተወለደችባት የፖላንዷ ዋርሶ ያኔ በሩሲያ ንጉሥ (ዛር) ሥር ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ሴት አይቀበልም። ስለዚህ ፖላንዳውያን የራሳቸውን በድብቅ አቋቋሙ፤ «በራሪው ዩኒቨርሲቲ» ይባላል። ባለሥልጣናቱ እንዳይደርሱበት ትምህርቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወር ነበር። ማሪና እህቷ ብሮንያ እዚያ ተማሩ።

ግን ሳይንስ በወሬ ብቻ አይሆንም፣ በእጅ መነካት አለበት። ዘመዷ በሚመራው ሙዚየም ውስጥ ትንሽ ቤተ ሙከራ ነበረች። ማሪ ቀን ቀን የሌሎች ሰዎችን ልጆች እያስጠናች ነው የምትውለው። ስለዚህ የምትገባው ማታና እሁድ ነው። ብዙ ጊዜ ብቻዋን ሆና፣ መጽሐፍ ላይ ያነበበችውን ሙከራ ራሷ ትሞክራለች። አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ይበላሻል። እኔን ከኖቤል ሽልማቷ በላይ ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1891 ፓሪስ ሄደች፤ እዚያ ያለው ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ሴት ይቀበል ነበር። ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ኖረች። ብርዱ ሲጠና ያላትን ልብስ ሁሉ ደራርባ ትተኛለች። በ1893 በፊዚክስ፣ በ1894 በሒሳብ ተመረቀች። በ1906 እዚያው ሶርቦን ማስተማር ጀመረች፤ ከእሷ በፊት እዚያ ያስተማረች ሴት አልነበረችም።