ፋይበር ወይስ ላሜራ? ስለ ቮልስ ፓራፋንጎ የጠየቅከው ወንድሜ፣ አሮጌውን ለቁራሌ ሳትሰጥ ይህን አንብብ

ሰላም ወንድሜ። ትናንት ማታ የጠየቅከውን አየሁት። የአባትህ ቮልስ፣ በፈረንጅ የ1969 ሞዴል 1300፣ አራቱም ፓራፋንጎ፣ ከጎማው በላይ ያለው መሸፈኛ፣ ዝጎ ተበልቷል። አንድ ሰው በፋይበር ግላስ ልሥራልህ ብሎሃል፤ ዋጋው የላሜራው ግማሽ ነው፤ የቱ ይሻለኛል ነው ጥያቄህ። ከሥር ግማሹ ሰው «ፋይበር አይዝግም፣ አሠራው» ብሎ አልፏል፤ ግማሹ «ሸጠህ ኤሌክትሪክ ግዛ» ብሎሃል። የአባትን መኪና ሽጥ ለሚል ሰው መልስ የለኝም። እኔ የ1971 ሞዴል 1300 ይዤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አንተ አሁን የቆምክበት ቦታ በ2015 ቆሜ ነበር፤ የመረጥኩትም ያንኑ ግማሽ ዋጋ ነው። ረዘም ይልብሃል፣ ታገሠኝ።

1. አሮጌውን ፓራፋንጎ ከግቢህ እንዳታስወጣ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳው እንኳ ይሄን ያዝልኝ። ሰኔ ላይ ነው፣ የፋይበሩ ሰውዬ «በአንድ ሳምንት አስረክብሃለሁ፣ የራሴ ቅርጽ ስላለኝ ያንተን አልፈልገውም» አለኝ። አራቱን ፈትቼ ግድግዳ ላይ አስደግፌያቸዋለሁ። ባለቤቴ በበኩሏ ይሄ ዝገት ልጆቹን ይቆርጥብኛል እያለች ነው፤ እውነቷን ነው። ቅዳሜ ጠዋት «ቁራሌው! ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ራሴ በር ከፍቼ ጠራሁት። ለአራቱ 1,200 ብር ሰጠኝ። እንዲያውም ያተረፍኩ መስሎኝ ሻይ ጋበዝኩት። ሁለቱን በገመድ አስሮ ጀርባው ላይ ሲያዝላቸው፣ ሰማያዊ ድንጋይ ያዘለ ኤሊ መስሎ ወደ ታች ሲወርድ ቆሜ አየሁት። ሁለተኛውን ዙር ሲወስድ አግዤዋለሁ። ይሄ ሲነሳ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

2. ቅርጹ ከየትኛው ቮልስ እንደተወሰደ ጠይቅ። «የቮልስ ነው» መልስ አይደለም። 1302 እና 1303 ፊታቸው ከአንተና ከእኔ መኪና ይለያል፤ የፊት እግራቸው አሠራር ተቀይሮ ትርፍ ጎማው በተኛበት ይቀመጣል፣ ስለዚህ ኮፈኑም የፊት ፓራፋንጎውም ሌላ ነው። 1303 ደግሞ ያ ትልቁ ክብ የኋላ መብራት አለው። የእኔ ሰውዬ ቅርጹን የወሰደው ከ1303 ነበር። የኋላ መብራቴን ሊያስገጥም ሲል ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ፤ «ስቱኮ ይሞላዋል» አለኝ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከቦዲው ጋር አልገናኝ ሲሉ እዚያው በድሪል አዲስ በሳ። የሚገርመው የግራ ፊቱ ነው፤ መብራቱ አጠገብ የሆነች ጎድጓዳ ነገር አየሁ፣ በእጄ ዳሰስኳት፣ ግጭት ናት! ቅርጹ የተወሰደበት መኪና ተገጭቶ ኖሮ፣ የማላውቀው ሰው ግጭት በፋይበር ተገልብጦ እኔ ላይ መጣ። ለካ እኔ ከከፈልኩ በኋላ ነው የማየው።

ፋይበር ራሱ መጥፎ ነገር ነው እያልኩህ አይደለም። ሰውዬው በስልኩ ኮርቬት የሚባለውን የአሜሪካ ስፖርት መኪና አሳይቶኛል፣ በፈረንጅ ከ1953 ጀምሮ ቦዲው ፋይበር ነው፤ እውነት ነው። በቮልስ ሻንሲ ላይ የሚቀመጠውን ሜየርስ ማንክስ የሚባል የአሸዋ መኪናም አሳይቶኛል፣ እሱም ልክ ነው። ግን እነዚያ ገና ሲነደፉ ለፋይበር ተብለው የተነደፉ ናቸው፤ የእኛ መኪና ላሜራ ተብላ ነው የተወለደች። ልዩነቱ የት እንዳለ ያወቅኩት ቦሎ ላሳድስ ስሄድ ነው።

3. ማሳ፣ ማለትም መብራቱ ኔጋቲቩን የሚያገኝበት መስመር። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሲሉህ ቀላል ይመስላል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን በቮልስ ላይ የኋላ መብራቱም፣ ፓራፋንጎው አናት ላይ የምትቀመጠው የፊት ፍሬቻም ማሳ የሚያገኙት በራሱ በፓራፋንጎው ላሜራ በኩል ነው። ላሜራውን አውጥተህ ፋይበር ስታስገባ ኔጋቲቩን ቆረጥከው ማለት ነው። ይሄን የነገረኝ የለም፤ የፋይበሩ ሰውዬ አምፖል አስገብቶ አንድ ሽቦ በእጁ ይዞ አበራልኝና ተጨባብጠን ተለያየን። ምርመራው ቦታ ስደርስ የኋላ መብራት የለም፣ ፍሬቻም የለም። መርማሪው ልጅ፣ ከእኔ ታናሽ ወንድም የሚያንስ፣ በእስክሪብቶው ፓራፋንጎውን ኳ ኳ አደረገና «ይሄ መኪና ነው ባልዲ?» አለኝ። ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ችግሩ ምን እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ሳልከፍት «ቀጣይ!» አለ። በሌላ ቀን መጣሁ፣ ያው ነው። በሦስተኛው ደግሞ «ፓራፋንጎው ተቀይሯል፣ ከጋራዥ ወረቀት አምጣ» አለኝ፤ የምን ወረቀት ብዬ ስጠይቅ «ወረቀት» ብቻ ነው መልሱ። እግዜር ይይለት። በመካከሉ አንድ ኤሌትሪሺያን አምፖል ቀየረ፣ የፍሬን ስዊች ቀየረ፣ ፊውዝ ቀየረ፣ ለሁሉም ከፈልኩ። በመጨረሻ ጎማ ቁጠባ አካባቢ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጎንበስ ብለው አይተው፣ ሳቅ ብለው፣ ቡናማ ሽቦ ከመብራቱ እስከ ቦዲው ብሎን ድረስ ዘረጉ፤ አለቀ። በጀርመን መኪና ማሳ ቡናማ ነው፤ አንተም ፋይበር ካስገባህ ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን ቡናማ ሽቦ አስዘርጋ፣ ገና ሳይቀባ።

ቁጥሩን ተውኩት፣ የቀረውን ዝም ብዬ ላውራልህ።

ቀለሙን ፎርኖ፣ የቀለም ማድረቂያ ምድጃ፣ ያለው ቦታ አስገባሁት፣ ኩራት ነበረብኝ፣ ጥሩ ቀለም ይኑራት ብዬ። ፋይበሩ በደንብ ሳይደርቅ ከቅርጹ ተነስቶ ኖሮ፣ ሙቀቱ ሲነካው በውስጡ የቀረው አየር ፈነዳና ቀለሙ ላይ እንደ ፈንጣጣ ወጣ። ያልፈነዳው ቦታ ላይ ደግሞ ፀሐይ ላይ በጎን ስታየው የመስታወቱ ጭረት በቀለሙ ሥር ይታያል። ሬዚኑ፣ ማለትም የፋይበሩ ሙጫ፣ ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ማድረቂያውን ሲያበዙበትም እንዲሁ ነው፣ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ጊዜ ስጠው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ተኝቶ ይክረም፤ ከሥሩ ገልብጠህ እጅህን አሳልፍበት፣ እንደ ሙጫ የሚይዝህ ከሆነ አትረከብ። ብሎን የሚገባበት ቦታ ሁሉ ሰፊ ሮንዴላ ይግባበት፤ ያለዚያ ብሎኑ ሲጠብቅ ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል።

መስከረም ላይ ሜክሲኮ አደባባዩ ጋ አንድ ሚኒባስ ከግራ ፊት ነካ አደረገኝ። ነካ ነው ያልኩህ፤ ረዳቱ «አይዞህ ምንም አልሆነም» ብሎ ሳይወርድ ሄዱ። ላሜራ ቢሆን ኖሮ ጎድጉዶ በመዶሻ ይመለስ ነበር። ፋይበሩ ከመብራቱ ጀምሮ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ፣ አንዷ ቁራጭ አስፋልቱ ላይ ቀረች። ወርጄ አነሳኋት። እዚያ ቆሜ ነው የቁራሌው ጀርባ ላይ ያለው ሰማያዊ ፓራፋንጎ ትዝ ያለኝ።

ሱማሌ ተራ ዞርኩ፣ ሁለት ቅዳሜ። ያለው ወይ የ1303 ነው ወይ ከእኔው የባሰ። አንድ ደላላ «ምናለሽ ተራ ግባና ቁርጥራጭ ብረት ከሚከምሩት ጋ ጠይቅ» አለኝ። ገባሁ። ከበርሜልና ከአልጋ ብረት መካከል፣ አትመነኝም፣ የራሴ የቀኝ ፊት! እንዴት አወቅከው ትለኝ ይሆናል፤ ልጄ የለጠፈው የኳስ ተለጣፊ ግማሹ ውስጡ ላይ አለ። ከሥሩ የግራውም ነበረ። ሻጩ ልጅ ዓይኔን አየ መሰለኝ፣ ለሁለቱ 18,000 ብር አለ። ተከራክሬ በ16,000 ወሰድኳቸው። ለአራቱ 1,200 የሸጥኩትን።

እነዚያን ይዤ ተክለሃይማኖት አጠገብ አንድ ባትላሜራ፣ ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ጋ ሄድኩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ሥራውን የጀመሩት በልጅነታቸው በጃንሆይ ጊዜ ነው። የበሰበሰውን የታችኛውን ከንፈር በመቀስ ቆረጡ፣ 0.8 ሚሊ ላሜራ በወረቀት ለክተው አወጡ፣ አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ አስቀምጠው በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ አጎበጡት። እያንዳንዱን ምት ከመቱ በኋላ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው፣ ያወራሉ። ፋይበሩን ሳሳያቸው «ልጄ፣ መስከረም 2 ቀን 67 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ በዚህ ብትሠራ ኖሮ አራተኛ ክፍለ ጦር ሳትደርስ ትፈታ ነበር» አሉኝ። በአራት ቀን ሁለቱን ጨረሱ፤ ውስጡን ሁለት ጊዜ አንቲሩጂን፣ የዝገት መከላከያ፣ ቀቡልኝ። ስቱኮው ከወረቀት አይወፍርም፣ ማግኔት አስጠግቼ አይቻለሁ፣ ይይዛል።

እንግዲህ አንተ። የፊቶቹ ዝገት መብራቱ ጀርባና ታችኛው ከንፈር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ክረምት ላይ ጭቃ የሚታቆረው እዚያ ስለሆነ ማለቴ ነው፣ ያንኑ የራስህን አስጠግን። ኦሪጅናሉ ላሜራ አሁን ከሚመጣው ይወፍራል። ከውጭ አዲስ አስመጣለሁ ካልክ ይገኛል፤ ሜክሲኮ የምትባለው አገር በፈረንጅ እስከ 2003 ድረስ ታመርት ስለነበር ዕቃው አልጠፋም። ግን ፓራፋንጎ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በካርጎ ሲመጣ ደግሞ የሚከፈለው በክብደቱ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ በዶላር የሚታሰብ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። እኔ ዋጋ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁት።

የኋላውን አንዱን ፋይበር ልታደርገው ትችላለህ። የእኔ የቀኝ ኋላ እስከ ዛሬ ፋይበር ነው፤ ሽቦውን ዘርግቼለት፣ ሮንዴላ አብዝቼለት፣ ሁለት ክረምት አልፏል፣ ማንም አያውቀውም። ግን በብሎን የሚንጠለጠል ነገር ላይ ብቻ። ከበሩ ሥር ያለው የሙቀት አየር የሚያልፍበት ቦይ መኪናዋን የሚሸከም ነው፤ እሱን በፋይበር እሸፍንልሃለሁ የሚልህ ካለ አንተን ለመግደል ነው። ፓራፋንጎው ሲወልቅ ያን ቦይ በደንብ እየው። የኋላ ወንበሩንም አንሳና ባትሪው ያለበትን ወለል እየው፤ አሲዱ የሚበላው እዚያ ነው። ወለሉ ከሄደ ገንዘብህን ለፓራፋንጎ አታባክን፣ ከሥር ጀምር።

ቀለሙን ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለውን ቀለም አስደርገው፤ ሌላ ወረቀት ፍለጋ እንዳትዞር።

የተሰበረው የግራ ፊት ፋይበር በረንዳዬ ላይ አለ። ባለፈው ወር ያው ቁራሌ ሲያልፍ ጠርቼ አሳየሁት፤ በጥፍሩ ኳ አድርጎ «ይሄንን ከፍለኸኝም አልወስድም» ብሎኝ ሄደ።

የቦዩንና የባትሪውን ቦታ ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ። ጋሼ ጋ መሄድ ከፈለግክ ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይበዛባቸዋል፣ አይናገሩህም።