የደም ውጤቱ ደህና ሆኖ አጥንት ሲያም

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አጥንቷን እያመማት ሌሊት ትነቃለች። ጎረቤት «ብርድ ነው» ይለኛል። ደብረ ብርሃን ያየናት ሐኪም ግን ጀርም የሌለበት ሥር የሰደደ የአጥንት ብግነት (የአጥንት መቆጣት) ጠርጥሮ ደሟን አስመረመረ፤ ውጤቱ ደህና ነው ተባለ። በሽታው የለም ማለት ነው?
እናት፣ ከአንኮበር

መልስ፦ እህታችን፣ ከዚህ ውጤት ብቻ እንዲያ ማለት አይቻልም። ብግነት መኖሩን ለማየት ከሚደረጉት የደም ምርመራዎች ኢኤስአር የሚባለው ቀይ የደም ሕዋሳት በቀጭን ቱቦ ውስጥ በ1 ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘቀጡ ይለካል፤ ሲአርፒ ደግሞ ብግነት ሲነሣ ጉበት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ሲአርፒ በሰዓታት ውስጥ ጨምሮ ፈጥኖ ሲወርድ፣ ኢኤስአር ግን ለሳምንታት ከፍ እንዳለ ሊቆይ፣ በደም ማነስ ብቻም ሊጨምር ይችላል። በተጠረጠረው በሽታ፣ ሕፃኗ በሕመም እየተሠቃየች እንኳ፣ ሁለቱም በጥቂቱ ብቻ ከፍ ሊሉ ወይም ፈጽሞ ላይለወጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ብግነቱን በተሻለ የሚያሳየው ኤምአርአይ (በመግነጢስ ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ ምርመራ) ነው፤ ሕመም ያልተሰማበትን አጥንት ጭምር ያሳያል።

በጣም ከፍ ያለ የኢኤስአር ወይም የሲአርፒ ቁጥር፣ በተለይም ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም መገርጣት ሲታከልበት፣ ሐኪሙ የአጥንት ኢንፌክሽንን፣ የሳንባ ነቀርሳ ጀርም በአጥንት ላይ የሚያመጣውን ሕመምና የደም ካንሰርን አስቀድሞ እንዲያጣራ ያስገድደዋል፤ አንዳንዴም ከአጥንቱ ናሙና ይወሰዳል። እነዚህ ምልክቶች ከታዩባት ቀጠሮ አይጠብቁ። የምርመራ ወረቀቶቿን በየቀናቸው ያስቀምጡ፤ ሌሊት የነቃችባቸውን ቀናትም ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩት።